ቆሻሻ ለዪ ማሽን እንዴት ይወስናል?

በደቡብ ስዊድን፣ በቬተርን ሐይቅ ዳር፣ ሞታላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ በዚያች ከተማ ሳይት ዜሮ የሚባል ፋብሪካ ተከፈተ። ጥሬ ዕቃው የስዊድን ቤተሰቦች ተጠቅመው የጣሉት የፕላስቲክ ማሸጊያ ነው፦ የእርጎ ኩባያ፣ የሻምፑ ጠርሙስ፣ የዳቦ ላስቲክ፣ ሥጋ የተሸጠበት ሳህን። ፋብሪካው በዓመት እስከ 200,000 ቶን እንዲያስተናግድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ተቀላቅሎ የገባውንም ፕላስቲክ በ12 ዓይነት ይለያል። ከኮንቬየሮቹ በላይ ወደ 60 የሚጠጉ የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ተተክለዋል።

ስለ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሲወራ ሰውን ቶሎ የሚገርመው ማሽኑ ማየት መቻሉ ነው። ዳሩ ግን ማየቱ ከሞላ ጎደል በ1990ዎቹ መልስ ያገኘ ጉዳይ ነው። ዛሬም መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ሌላ ነው። ማሽኑ ያየውን ይዞ ምን ይወስን? ሲሳሳትስ መሳሳቱን በምን ይወቅ? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው።

ከእጅ ወደ ሴንሰር

ቆሻሻን ለይቶ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። የኒው ዮርክ የመንገድ ጽዳት ኃላፊ የነበሩት ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ በ1890ዎቹ ነዋሪው አመዱን፣ የምግብ ትራፊውንና ደረቁን ቆሻሻ ለየብቻ እንዲያወጣ አደረጉ፤ ከደረቁ ውስጥም ለቃሚዎች የሚሸጠውን በእጃቸው ይለዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው መሣሪያ የሰው እጅ ሆኖ ቆየ። ማሽን የሚያግዘው በአብዛኛው በወንፊትና በማግኔት ነበር።

ማግኔት ብረትን ይስባል፤ አሉሚኒየምን ግን አይስብም። ለአሉሚኒየም የተገኘው መላ ከ1830ዎቹ ፊዚክስ የመጣ ነው። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ተለዋዋጭ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ አሳየ። ሃይንሪክ ሌንዝ ደግሞ በ1834 የተነሳው ኤሌክትሪክ ዘወትር ያስነሳውን ለውጥ እንደሚቃወም አስረዳ። ዛሬ በኮንቬየሩ ጫፍ፣ ከቀበቶው ሥር፣ ማግኔት የተደረደረበት ሲሊንደር በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይሽከረከራል። ወረቀቱና ፕላስቲኩ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ወደ ታች ይወድቃሉ። የለስላሳ ጣሳው ግን ተስፈንጥሮ ይነሳና በአየር ላይ ቅስት ሠርቶ ከመለያው ግድግዳ ማዶ ያርፋል። የነካው ነገር የለም፤ በውስጡ የተነሳው ኤሌክትሪክ ከሥሩ ከሚዞረው ማግኔት ጋር ስለ ተገፋፋ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የቁጥጥር ጥያቄ የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። ያ ግድግዳ የት ይቁም? ወደ ኮንቬየሩ ከቀረበ እርጥብ ካርቶንና ጠርሙስም አብረው ይሻገራሉ። ከራቀ ደግሞ የተጨማደደ ጣሳ ሳይደርስ ይወድቃል። ጥሩ ቦታ እንጂ ፍጹም ቦታ የለም። ጥሩው ቦታም የሚመጣው ቆሻሻ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል።

ፕላስቲክ ከብረት የባሰ አስቸጋሪ ነው። ጀርመን በ1991 ያወጣችው የማሸጊያ ደንብ ማሸጊያ ለገበያ የሚያወጣ ሁሉ ማሸጊያው ከተጣለ በኋላ ለሚሆነውም ኃላፊ እንዲሆን አስገደደ። በየቤቱ የሚሰበሰበው የማሸጊያ ክምር ለእጅ ለቀማ ከአቅም በላይ ሆነ። ሁለት ጥርት ያሉ ጠርሙሶች፣ አንዱ ፔት፣ ሌላው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ፣ በሰው ዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የሞለኪውሎቻቸው ትስስር ግን የተለያየ ስለሆነ ከቀይ ብርሃን ማዶ ካለው፣ ዓይን ከማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን እያንዳንዱ የሚውጠውና የሚመልሰው ክፍል ይለያያል። ከላይ መብራት አብርቶ የሚመለሰውን ብርሃን የሚተነትን ሴንሰር በዚህ መንገድ የፕላስቲኩን ዓይነት ያነባል።

በ1990ዎቹ ይህን ዕውቀት ወደ ማሽን ከለወጡት አንዱ ቲቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ነበር። በ2004 ቶምራ ገዛው። ቶምራ ራሱ በ1972 በኖርዌይ ሲመሠረት ሁለቱ ወንድማማቾች ፔተርና ቱሬ ፕላንኬ ያሰቡት በሱቅ ደጃፍ ባዶ ጠርሙስ ተቀብሎ ገንዘብ የሚመልስ ማሽን ነበር።

የሴኮንድ ሲሶ

አንድን ጠርሙስ ተከትሎ መሄድ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጠርሙሱ ያረፈበት ኮንቬየር በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከዚያ የሚፈጥኑም አሉ። ከሴንሰሩ ሥር አንስቶ የታመቀ አየር እስከሚተፉት ኖዝሎች ድረስ አንድ ሜትር ቢኖር፣ ማሽኑ አይቶ፣ ወስኖ፣ ቫልቭ ከፍቶ ለመምታት ያለው ጊዜ የሴኮንድ ሲሶ ነው። ኖዝሎቹ በኮንቬየሩ ስፋት ልክ ጥግ ለጥግ ተደርድረዋል። ጠርሙሱ ከቀበቶው ጫፍ ዘሎ በአየር ላይ ሳለ፣ በትይዩው ያሉት ጥቂት ኖዝሎች ብቻ ለቅጽበት ይከፈቱና ወደ ሌላው ክፍል ይመቱታል። ጎኑ ያለው የእርጎ ኩባያ ሳይነካ ያልፋል።

የታመቀ አየር ርካሽ አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ማሽኑ ብዙውን ሳይሆን ጥቂቱን እንዲመታ ያዙታል። ከሚያልፈው አብዛኛው ፔት ከሆነ ፔቱ ዝም ብሎ እንዲወድቅ፣ ባዕዱ እንዲመታ ይደረጋል።

አሁን ውሳኔው ይመጣል። ሴንሰሩ “ይህ ፔት ነው” ብሎ በእርግጠኝነት አይናገርም። የሚሰጠው ምን ያህል ፔት እንደሚመስል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ጠርሙሱ ጭቃ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም ክዳኑ ሳይወልቅ ሊመጣም ይችላል። እንግዲህ አንድ ሰው መስመር ማስመር አለበት። ለምሳሌ ያህል 90 ከመቶ የሚመስለውን ብቻ ተቀበል ከተባለ የሚወጣው ፔት ንጹሕ ይሆናል፤ ብዙ ደህና ጠርሙስ ግን ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። መስመሩ ወደ 60 ከወረደ የሚለቀመው ይበዛል፤ ባዕድ ነገርም አብሮ ይገባል። ንጽሕናና መጠን በአንድ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ይጣላሉ። ማሽኑ የትኛውን ስሕተት ይሥራ የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ስሕተትን ጨርሶ ማስቀረት ግን አይቻልም።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ፒቪሲ ያሳያል። ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ፒቪሲ ፈራርሶ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል፤ ፔቱን ያጠቁረዋል፣ ያዳክመዋል፣ መሣሪያውንም ይበላል። ጥቂት የፒቪሲ ቁርጥራጭ አንድ ሙሉ ጭነት ሊያበላሽ ስለሚችል ፋብሪካዎች ሁለት ማሽን በተከታታይ ያቆማሉ። እያንዳንዱ ማሽን ከአሥር ባዕዶች አንዱን ቢያሳልፍና ስሕተቶቻቸው የማይገናኙ ቢሆኑ፣ በሁለቱ በኩል የሚያልፈው ከመቶ አንድ ይሆናል።

መመገብ ግማሽ ሥራ ነው

በፋብሪካዎቹ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ብልሽትን የሚፈልጉት መጀመሪያ ከሴንሰሩ ላይ ሳይሆን ከአመጋገቡ ላይ ነው። የጭነት መኪና የደፋው ክምር በአንድ ጊዜ ወደ መስመሩ ከገባ ዕቃው ይደራረባል። ሴንሰር ደግሞ የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው። ከሥሩ የተደበቀው ሳይታይ ያልፋል፤ የላይኛው ሲመታም የታችኛው አብሮ ይበራል።

ጤፍ ወይም ስንዴ በሰፌድ የምታበጥር ሴት ይህን ታውቀዋለች፤ ብዙ ከጫነች አይለይም፣ ትንሽ ከጫነች ቀኑ አይበቃም፣ የእጇንም አወዛወዝ የምትለውጠው ከሰፌዱ የሚወጣውን እያየች ነው። ራሱን የሚመራ ፋብሪካም የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ሌዘር የክምሩን ከፍታ ይለካል፤ በኮንቬየሩ ሥር ያለ ሚዛን ክብደቱን ይቆጥራል። መረጃው ፒ.ኤል.ሲ. ወደሚባለው የፋብሪካ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ እሱም ከረጢት የሚቀደውን ማሽን ያቀዘቅዛል ወይም ያፈጥናል፣ የመጋቢውን ኮንቬየር ፍጥነት ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፣ ትርፉን ወደ ማጠራቀሚያ ያዞራል።

ይህ ግን ከመግቢያው በኩል ያለው ግማሽ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ የጎደለው የመውጫው በኩል ነበር። ፋብሪካው የለየው ፔት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ለማወቅ ሠራተኛ ከእሽጉ ናሙና ወስዶ ጠረጴዛ ላይ በትኖ በእጁ ይለያል፣ ይመዝናል። ውጤቱ ሲደርስ እሽጉ ተጭኖ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ከመውጫው ኮንቬየር በላይ ካሜራ ተሰቅሎ፣ በብዙ ሺህ ሥዕሎች የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያልፈውን እያንዳንዱን ዕቃ መቁጠር ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ላይ የተቋቋመው ግሬይፓሮት የተባለ ኩባንያ ዋና ሥራው ይህ ቆጠራ ነው።

ቆጠራው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሽኑን ሲያዝ ቀለበቱ ይዘጋል። ከፔቱ መስመር ላይ ባዕድ ነገር እየበዛ መሆኑን ካሜራው ካየ፣ የቁጥጥሩ ሥርዓት ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ አመጋገቡን ያቀጥናል፣ የመወሰኛውን መስመር ከፍ ያደርጋል፣ አለዚያም ኦፕሬተሩን ይጠራል። ሦስተኛው ቀላል የሚመስል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እርሱ ነው። ንጽሕናው የወደቀው የሴንሰሩ መስታወት አቧራ ስለ ለበሰ ወይም አንድ ቫልቭ ስለ ተደፈነ ከሆነ፣ ቁጥሩን መነካካት በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት ባዕዱ በየትኛው የኮንቬየር ጎን እንደበዛ ጭምር ይመዘግባል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በዚያ ጎን ባለው ቫልቭ ላይ ያርፋል።

ኬሚስትሪ የማይነግረው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከቆጠራ አልፎ ወደ መለየቱ የገባው ኢንፍራሬድ ብቻውን ሊመልሰው ያልቻለ ጥያቄ ስለ ገጠመ ነው። ጥሩ ምሳሌው በግንባታ ሥራ የሚታወቀው የሲሊኮን ቱቦ ነው። ቱቦው የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ሴንሰሩ ከሻምፑ ጠርሙስ ጋር አንድ አድርጎ ያነበዋል። ንባቡም ልክ ነው። ችግሩ ውስጡ የቀረው ሲሊኮን ነው፤ እርሱ ገብቶ የቀለጠው ፖሊኤቲሊን ጥራቱ ይወድቃል። ቶምራ በ2019 ያወጣው ሥርዓት ቱቦውን በኬሚስትሪው ሳይሆን በመልኩ፣ በቅርጹና በጫፉ፣ ለይቶ እንዲመታ በብዙ ሺህ ሥዕሎች የሠለጠነ ነው።

የምግብ ማሸጊያም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ወደ ምግብ ዕቃነት ተመልሶ የሚሠራ ፔትን ሲገመግም፣ ምግብ ነክቶ ከማያውቅ ዕቃ የመጣው ከ5 ከመቶ እንዳይበልጥ ይጠብቃል። የጭማቂ ጠርሙስና የወለል ማጽጃ ጠርሙስ በኢንፍራሬድ ዘንድ አንድ ናቸው፤ በካሜራ ዘንድ ግን አይደሉም። ሆሊ ግሬይል የሚባለው የአውሮፓ አምራቾች ፕሮጀክት ከዚህም ርቆ፣ ሰው ልብ የማይለው ምልክት በማሸጊያው ላይ በሙሉ እንዲታተምና ማሽኑ ያንን እንዲያነብ ኮፐንሃገን ውስጥ ሞክሯል።

ጥቁር ፕላስቲክ የተለየ ጣጣ አለው። የሚያጠቁረው የካርቦን ቀለም ኢንፍራሬዱን ውጦ ምንም አይመልስም፤ ስለዚህ ማሽኑ ባዶ ኮንቬየር ያየ ይመስለዋል። አንዳንድ አምራቾች መፍትሔውን ያገኙት ከፋብሪካው ውጭ ነው፤ የቀለሙን ዓይነት ለወጡ።

በቪዲዮ ታዋቂ የሆኑት ሮቦቶች በዚህ ሥዕል ውስጥ የት ይቆማሉ? እ.ኤ.አ. በ2007 ሄልሲንኪ ላይ የተመሠረተው ዜንሮቦቲክስ የግንባታ ፍርስራሽን፣ ማለትም እንጨትን፣ ድንጋይንና ብረትን፣ የሚያነሱ ክንዶች ሠራ። ማታንያ ሆሮዊትዝ በ2014 ኮሎራዶ ውስጥ ያቋቋመው ኤ.ኤም.ፒ. ሮቦቲክስ ደግሞ የቤት ማሸጊያ የሚለቅም ክንድ አቀረበ፤ በደቂቃ እስከ 80 ዕቃ እንደሚያነሳም ይገልጻል። ይህ ከለቃሚ ሰው ይፈጥናል፤ ከአየር ኖዝሎች ጋር ሲነጻጸር ግን አዝጋሚ ነው። ክንዱ የሚጠቅመው ኖዝል የማይችለው ከባድ ነገር ባለበት፣ ወይም መጨረሻ ላይ ጥቂት ቅሪት ሲለቀም ነው። ከትልልቅ ማሽኖቹ ይልቅ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ግን እርሱ ነው።

በብረታ ብረት በኩል ያለው ለውጥ ከዚያ ያነሰ ይታያል፤ ገንዘቡ ግን ትልቅ ነው። የተፈጨ መኪና ቁርጥራጭ በኤክስሬይ ሲታይ፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም የሚመዝነው አሉሚኒየም ወደ 9 ግራም ከሚጠጋው መዳብ በጥላው ይለያል። አንዱን የአሉሚኒየም ቅይጥ ከሌላው ለመለየት ደግሞ ሌዘር የቁርጥራጩን ገጽ በጥቂቱ ያተንናል፤ ከሚወጣው ብልጭታ ቀለም ውስጥ ማሽኑ ሲሊከኑንና ማግኒዥየሙን ያነባል። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድን አንስቶ ከመሥራት 95 ከመቶ ያህል ኃይል ስለሚቆጥብ ለሌዘሩ የሚወጣው ወጪ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም መስመር ያስፈራል። በአሻንጉሊት፣ በስልክና በኤሌክትሪክ ሲጋራ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ዘመናዊ ፋብሪካዎች ሙቀት የሚያዩ ካሜራዎችን ከቁጥጥሩ ጋር ያያይዛሉ፤ የጋለ ነጥብ ሲታይ ኮንቬየሩ ይቆማል፣ ውሃ ወይም አረፋ በዚያው ቦታ ላይ ይረጫል፣ ሰው እስኪመጣ አይጠበቅም።

ቁጥሩን ማን ይሰጣል?

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል፤ ምን ያህል ንጽሕና ይበቃል? ይህን ማሽኑ አያውቅም።

ቻይና ለብዙ ዓመታት የዓለምን ያገለገለ ወረቀትና ፕላስቲክ ስትገዛ ቆይታ በ2017 ለዓለም ንግድ ድርጅት አዲስ ገደብ አስታወቀች። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ በርካታ ዓይነት ቆሻሻ እንዳይገባ ከለከለች፤ በሚፈቀደው ውስጥም የባዕድ ነገር ጣሪያው 0.5 ከመቶ ሆነ። በአሜሪካ ያሉ ፋብሪካዎች ማሽን ሳይለውጡ በአንድ ጊዜ ጥራት የጎደላቸው ሆኑ። ኮንቬየሮቻቸውን አዘገዩ፣ ለቃሚ ጨመሩ፤ አንዳንድ ከተሞች የለዩትን የሚገዛቸው አጥተው ወደ መቅበሪያ ወሰዱት። የካሜራና የሮቦት ገበያ የደራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጀርመን ደግሞ በመጠኑ በኩል ገፋች። በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የማሸጊያ ሕጓ ከፕላስቲክ ማሸጊያ መልሶ ወደ ምርት የሚገባውን ድርሻ ከ36 ወደ 58.5 ከመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 63 ከመቶ እንዲያድግ አዘዘ። ገዥው ንጽሕና ይላል፤ ሕጉ መጠን ይላል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለማሟላት መስመሩን አንድ ቦታ ተክሎ መተው አይበቃም፤ በየጭነቱ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ራሱን የሚመራ ቁጥጥር ከምቾት ወደ ግዴታ የተለወጠው በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ብዙው መለየት የሚደረገው ቆሻሻው ከመቀላቀሉ በፊት ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ብረቱን፣ ጣሳውንና ሃይላንዱን ከቤት ደጃፍ ይገዛል፤ ዕቃው ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ ነጋዴዎችና ወደ ሌሎች ይሄዳል። ከቆራሌው እጅ ያለፈው የሚበዛው የምግብ ትራፊና እርጥብ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማዋ ቆሻሻ የሚደፋበት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአጠገቡ የተሠራው የረጲ የኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ ቆሻሻውን ሊያቃጥል እንጂ ሊለይ የተሠራ አልነበረም። ውሃ ኢንፍራሬድን በኃይል ስለሚውጥ፣ ለደረቅ የአውሮፓ ማሸጊያ የተሠራ ሴንሰር እንዲህ ባለ እርጥብ ክምር ላይ ብዙ አይረዳም። የሞታላን ፋብሪካ አምጥቶ ቆሼ ላይ መትከል እንግዲህ መልስ አይሆንም።

ቴክኖሎጂው ግን ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። ቡናና ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጁ መጋዘኖች ከለር ሶርተር ይጠቀማሉ፤ ፍሬው ሲወርድ ካሜራ ያየዋል፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን የአየር ምት ያወጣዋል። ማሽኑን የሚጠግነው ቴክኒሻን ዕለት ዕለት የሚታገለው ከቫልቭ፣ ከኮምፕረሰርና አቧራ ከለበሰ መስታወት ጋር ነው፤ የመወሰኛውን ቁጥር ከፍና ዝቅ ማድረግም ያውቅበታል። ታጥቦ የተፈጨ ሃይላንድ የሚለየው ማሽን የተሠራው ከእነዚሁ ክፍሎች ነው፤ ልዩነቱ በሚያነበው ብርሃን ላይ ነው። ቁርጥራጩ ለክር ፋብሪካ ከተሸጠ ከፍ ያለ የባዕድ መጠን ይታለፍለታል፤ ለውሃ ጠርሙስ ከሆነ ግን አይታለፍም። ስለዚህ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ባለ ፋብሪካው ሊፈርመው የሚገባው የሽያጭ ውል ነው፤ ሴንሰሩ ላይ የሚሞላው ቁጥር ከዚያ ይወጣል።